በጠመኔ የተሠራች ጀልባ

ከሚሴ ውስጥ በር ወይም አልጋ ሊያሠራ ወደ ኸይረዲን አናጢ ቤት የሚገባ ሰው፣ ገና ደፉን ሳይሻገር አንድ ነገር ይነገረዋል፤ ጀልባዋን እንዳይረግጣት። እንግዳ ከሆነ ጀልባ ፍለጋ ዓይኑ ይንከራተታል። የሚያየው ግን ሰጋቱራ፣ ያላለቀ ቁም ሣጥንና ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሳንቃ ነው። ኋላ ወደ እግሩ ዝቅ ሲል ነው፣ ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ተሰምራ የሚያገኛት፤ አፍንጫዋ ሾል ያለ፣ ወገቧ ሞላ ያለ፣ ከበሩ እስከ ጓዳው መጋረጃ የምትደርስ ጀልባ።

እውነተኛ ልኳ ናት። ከፊት የዕቃ ቦታ አላት። መሀሏ ላይ ሁለት ሰው አጎንብሶ የሚገባባት ክፍል አለች፤ በስተቀኝ የባለቤቱ የመሪማ አልጋ፣ በስተግራ የእሱ፣ በመካከል የቡታጋዝ ቦታ። ጥግ ላይ የተሣለችው ክብ ነገር የዉዱእ፣ ለሶላት የሚታጠቡባት፣ ጀሪካን ናት። ሐይቅ መሀል ተቀምጦ ከጀሪካን ዉዱእ የሚያደርግ ሙስሊም አንተን አየሁ ብላ መሪማ ስቃበታለች፤ እሱ ግን አላጠፋትም። መሪማ ቤቱን በጠረገች ቁጥር ግማሿ ጀልባ ትሄዳለች፤ ኸይረዲን ተንበርክኮ እንደገና ያሰምራታል። ከዓመት ዓመት ደግሞ ያሻሽላታል። የመሪማ ጉልበት መታመም የጀመረ ጊዜ አልጋዋን ወደ መግቢያው አቀረበላት። እንግዲህ ጠመኔ ላይ ያልተሠራ ነገር አልነበረም፤ እንጨት ላይ ግን አንድ ምስማር አልተመታም።

ነገሩ የጀመረው በወጣትነቱ ነው። ያኔ ባቲ ገበያ ከሚመጡ የአፋር ነጋዴዎች ጋር ተጎዳኝቶ፣ ቆላ ለቆላ ጅቡቲ፣ ታጁራ ወደብ ድረስ ወርዶ፣ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ከሚጠግን ሽማግሌ ዘንድ ሥራ ይዞ ነበር። አንድ ቀን አንድ ፈረንጅ ትንሽ ጀልባውን ከባሕሩ አውጥቶ ተጎታች ላይ ጫናት፤ ከመኪናው ኋላ አስሮ አስፋልቱን ይዞ ሄደ። ሰውዬው ውስጧ ይተኛል፣ ውስጧ ያበስላል፤ አንዱ ውኃ ሲሰለቸው ወደ ሌላው ይጎትታታል። ኸይረዲን ከዚያች ቀን ወዲህ ሌላ ነገር አላማረውም። የሐይቅ ውኃ ሩቅ አይደለም፤ ደሴን ማለፍ ነው። እሱ ቢሰለች ከአጠገቡ አርዲቦ የሚባለው ሌላ ሐይቅ አለ። ሲበቃ ጎትቶ ወደ ከሚሴ መመለስና ጓሮ ማቆም ነው። ይህን ለሰው ሲያስረዳ የሰማ ሁሉ ይስቃል። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚለው ተረት በዚያ ሰፈር የኸይረዲን ስም ሆኖ ቀርቷል።

ያላሾፈበት ከመስጊዱ ማዶ የሚኖረው ወዳጁ ዘመድኩን ብቻ ነው። ዘመድኩን በያጅ ነው፤ አባቱ በመንግሥት ሥራ ተመድቦ ከሚሴ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር። ስለ ጀልባ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ስለ ጎማና ስለ ብረት ግን ያውቃልና ተጎታቹን ሠራለት። ተጎታቹ አልቆ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ዘመድኩን ጓሮ ከቆመ ቆይቷል። ዶሮዎች ያድሩበታል። ልጁ ሳይፀነስ አንቀልባ አሰፉ ብሎ ሰፈሩ በሁለቱም ሳቀ።

ሰፈሩ ይሳቅ እንጂ፣ ጀልባዋ እንዳትሠራ ያደረገው ራሱ ሰፈሩ ነው። የሚገርመው ይህን ልብ ያለው አልነበረም።

ሰው ሲሞት ቅሬው፣ የሰፈሩ የቀብር ዕድር፣ ይወጣል። ወንዱ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ሴቱ ቆሎውንም ንፍሮውንም ያሰናዳል። አፈሩ ሟቹ ላይ እንዳይወርድ ደግሞ፣ የተኛበት የመቃብሩ ጓዳ በእንጨት ይዘጋል። ያን እንጨት የሚያመጣው ያለው ሰው ነው። ዋጋ አይጠየቅበትም፤ ቢጠየቅ ነውር ነው። ጫካው ቅርብ በነበረበት ዘመን ይህ ለማንም አይከብድም ነበር፤ አሁን ግን ከሚሴ ውስጥ ደህና ሳንቃ ያለው ማን ነው ቢባል አናጢው ነው። ለደንበኛ ሥራ የሚመጣው እንጨት ገብቶ በልክ ተቆርጦ ይወጣል። ግድግዳ ተደግፎ የሚከርመው የጀልባዋ ብቻ ነው፤ መድረቅ አለበትና። ዋንዛ ነው፤ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ቁመቱም የሰው ቁመት። ለቀብር ከዚያ የተሻለ እንጨት ተፈልጎ አይገኝም። "የፊት ወዳጅህን በምን ቀበርከው? በሻሽ። ለምን? የኋለኛው እንዳይሸሽ" ይባል የለም? ኸይረዲን የፊት ወዳጆቹን ሁሉ የቀበራቸው በጀልባ ነው።

ሊጠይቀው የሚመጣው ሁልጊዜ የቅሬው ዳኛ ሸህ አብዱሰላም ነበር። በሩን በከዘራው ሁለቴ ያንኳኳል። "አካም ቡልቴ፣ ኸይሩ" ይላል፤ እንዴት አደርክ ማለቱ ነው። ሽርጡን ሰብሰብ አድርጎ በጠመኔው ዳር ዳር ይዞራል፤ ያቺን መስመር አንድ ቀን ረግጧት አያውቅም። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ስለ ጨፋ ሜዳ ማሽላ፣ ስለ ቦርከና ወንዝ ሙላት ጥቂት ያወራል። ከዚያ "አንድ ሰው ሄደብን" ይላል። ኸይረዲን ተነሥቶ ሳንቃ ይመርጣል። የመጀመሪያዎቹ የሄዱት ለሚስራ ነው፤ በወሊድ ለሞተች ጎረቤታቸው። ለጀልባዋ ጎን የሚሆኑትን ሳንቃዎች ሰጠ። ለእሷ ሲሰጥ አልከፋውም፤ አልቅሷል። ሌላ ገዛ፣ አደረቀ፣ ሌላ ሰው ሞተ። መንገዱ በተዘጋባቸውና ተኩስ በበዛባቸው ዓመታት ደግሞ የጀልባዋ ወለል የሚሆን ሳንቃ በሙሉ በአንድ ሳምንት አፈር ገባ። ያን ጊዜ ሸህ አብዱሰላም በርጩማው ላይም አልተቀመጠም፤ ቆሞ ጠየቀ፣ ቆሞ ሄደ።

ኸይረዲን ደከመው። መስጠቱ አይደለም ያደከመው፤ ሁልጊዜ ልጀምር ነው እያሉ መኖሩ ነው። ጢሙ ነጣ። መጋዝ የሚይዝበት ትከሻው ማለዳ ማለዳ አልታዘዝ እያለው መጣ። ባለፈው ዓመት ከጨፋ ገበሬዎች የወደቀ ዋንዛ ገዝቶ አሰነጠቀና፣ ይህ የመጨረሻዬ ነው አለ። ክረምቱ አለፈ፣ እንጨቱ ደረቀ፤ በጣቱ ሲያንኳኳው ጥሩ ድምፅ ሰጠ። መሪማ በዚያ ሰሞን ጉልበቷን በቅባት እያሸች ጠመኔው ላይ፣ አልጋዋ ከተሰመረበት ቦታ ተቀምጣ ነበር።

"ኸይሩ" አለችው፣ "እኔ ዓሣም አልፈልግ፣ ሸራም አልፈልግ። በር በሌለበት ቦታ አንድ ቀን ልደር። ማንም የማያንኳኳበት።"

መሪማ በዕድሜዋ ሙሉ ይህን ስጠኝ ያለችው ነገር ጥቂት ነው። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እየዘለለች ተነሥታ ነጠላዋን የምትፈልገው፣ ማን ሞተ የምትለው እሷ ናት። በማግስቱ ዘመድኩን ዘንድ ሄደና ሳንቃውን ጓሮህ ደብቅልኝ አለው። ቅሬው የሙስሊም መቃብር እንጨት ፍለጋ ክርስቲያን ጓሮ አይገባም፤ ግድግዳው ባዶ ከሆነ ደግሞ የለኝም ማለት ውሸት አይሆንም። እንዲህ ብሎ ራሱን አታለለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዶሮዎቹን አባረው ተጎታቹን አወጡት፤ ሳንቃውን ጭነው ከላይ ሸራ ጣሉበትና በዘመድኩን ፒካፕ ጎተቱት። በዋናው መንገድ አልሄዱም፤ በመስጊዱ ኋላ ዞሩ። ዘመድኩን መሪውን ይዞ ብዙ ከተቅበጠበጠ በኋላ፣ እኛ አሁን የምንሠራው ጀልባ ነው ወይስ ስርቆት አለው። የራሴን እንጨት አልሰርቅም አለ ኸይረዲን። ይበል እንጂ፣ ቤቱ ገብቶ ባዶውን ግድግዳ ሲያይ ራሱ የተሰረቀ ሰው መስሎ ታየው።

ከዚያ በኋላ ሥራውን መጀመር ነበረበት። አልጀመረም። ዛሬ ነገ አለ። በየቀኑ ዘመድኩን ጓሮ ሄዶ ሸራውን ገልጦ ያያል፣ መልሶ ይሸፍናል። እንጨቱን ሲያየው የጀልባ ወለል መታየቱ ቀርቶ የሚቀጥለው ሟች ማን ይሆን የሚል ሐሳብ ይመጣበታል።

አንድ ማለዳ ከሱብሒ ሶላት በኋላ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ሸህ አብዱሰላም ወደ አኼራ መሄዳቸውን ተናገረ። ሽማግሌው ከረመዳን ጀምሮ ታሞ ከደጁ አይርቅም ነበር። መሪማ ኢንና ሊላሂ ብላ ተነሥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደች። ስትወጣ ባዶውን ግድግዳ አየችው።

ኸይረዲን ተቀምጦ የበሩን መንኳኳት ጠበቀ። የሚለውን አዘጋጅቶ ነበር። ማንም አልመጣም። ሰዎች በደጁ እያለፉ አካፋና ዶማ ይዘው ወረዱ፤ አንዱም ወደ እሱ አልዞረም። መጥተው ቢጠይቁት ይሻለው ነበር። ደረሱብኝ አለ በልቡ። እያፈረ ተነሥቶ ተከተላቸው።

መቃብሩ ጋ ሲደርስ ጉድጓዱ አልቆ ነበር። ከአጠገቡ የተከመረው ጠማማ የግራር ቅርንጫፍ፣ የማሽላ አገዳና አንድ የዛገ ቆርቆሮ ነው። ሰፈሩን ዕድሜ ልኩን የቀበረ ሰው በዚህ ሊዘጋ ነው። ሬሳው መጥቶ፣ ተሰግዶበት፣ ወደ ውስጥ ሲወርድ ኸይረዲን አልቻለም። የሟቹን ልጅ ቶፊቅን ክንዱን ይዞ ወደ ዳር ሳበው።

"እንጨት አለ፣ ቶፊቅ። ደህና ሳንቃ ነው። ዘመድኩን ጓሮ ነው ያለው፤ ትንሽ ቆዩኝ፣ ላምጣ።"

ቶፊቅ ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። ቁጣ ግን አልነበረበትም።

"እናውቃለን፣ ጋሽ ኸይረዲን። አባ ነው የከለከለን" አለ። "ያን ለት በተጎታች ጭናችሁ በመስጊዱ ኋላ ስታልፉ ደጃችን ተቀምጦ ነበር። 'ኸይሩ ጀመረ፤ ጀልባዋን ጀመረ' እያለ ለሁላችንም ነገረን። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አላየሁትም። ኋላ ጠርቶን ምን አለን መሰለህ፤ 'ገኤ፣ ይበቃል። ስንቱን በዚያ ሰው እንጨት ቀበርን። እኔ ስሞት በሩን እንዳታንኳኩ፤ በግራርም ቢሆን ዝጉኝ።'"

አልጀመርኩም፣ ሸሸግኩት እንጂ ማለት ነበረበት። የቶፊቅን ክንድ ለቀቀው። ሽማግሌው በበጎ አይቶታል፤ በዚያው በበጎው ሄዷል። ቅርንጫፉ ተደረደረ፣ አገዳው ተጠቀጠቀ፣ ቆርቆሮው ተከደነ። የመጀመሪያው አፈር ሲወርድ ከግራሩ መሀል እየሾለከ ወደ ውስጥ ሲገባ ተሰማ። ኸይረዲን እንደ ሰዉ ሁሉ ጎንበስ ብሎ አፈር ጨብጦ ጣለ። ከሌሎቹ ሟቾች ሁሉ ይልቅ በዚህ አለቀሰ።

መሪማ ከለቅሶው ቤት እያነከሰች ስትመለስ በጠመኔው ዳር ቁጭ ብሎ አገኘችው። እንጨቱ ደረሰላቸው ወይ ብላ ጠየቀችው። አልደረሰም አለና ቶፊቅ ያለውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ነገራት። ግድግዳውን ተደግፋ ሰማችው። ስታለቅስ ቆየችና ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"ሸሁ ጀምሯል ብለው ነው የሄዱት?" አለችው።

"አዎ።"

"እንግዲያ ምን ትቀመጣለህ?"

ለቅሶው ሦስት ቀን እስኪያልፍ ብሎ ሊመልስላት አሰበ፤ ግን ዛሬ ነገ ያለበት ዘመን ሁሉ ትዝ አለውና ተወው። ዘመድኩንን ጠርቶ እንጨቱን አመጡ፤ አሁን በዋናው መንገድ ነው፣ ሸራም አልጣሉበትም። ሰው ቆሞ አያቸው። የሳቀ አልነበረም። ሳንቃዎቹን ወለሉ ላይ፣ ከጀልባዋ አፍንጫ እስከ ጭራዋ በጠመኔው ልክ ጫፍ ለጫፍ አስተኛቸው። ወገቡን ይዞ ተንበረከከ። ደስ አላለውም፤ ይደክመው ነበር፣ እንደዚያ ቀን ደክሞት አያውቅም። ቢሆንም መጋዙን አነሣ።

መሪማ ከጓዳው መጋረጃ ሥር ፍራሽ ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። ከሰዓቱን ሙሉ በሩን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ኸይረዲን ጥቂት ይቆርጥና መጋዙን ያቆማል፤ ወደ በሩ ዞሮ ያዳምጣል፤ ደግሞ ይቆርጣል።