የዝይዋ ጃንጥላ

ጂያዪ ምስሉን አቆመችና ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። ያየችው ጃንጥላውን አይደለም፤ የዝይዋን ምንቃር ነው። ፊልሙ ሲጀምር ብርቱካናማ ነው፤ ሲያልቅም ያው ብርቱካናማ። ፊልሙን ስታድስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳታስተውለው ቆይታለች።

ታሪኩ ወድቆ ያገኘችውን ጃንጥላ ለባለቤቱ ልትመልስ በዝናብ ስለምትንከራተት ዝይ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት፣ እዚሁ ሻንጋይ፣ ብርሃን በሚያሳልፉ የፕላስቲክ ሉሆች ላይ በእጅ ተስሎና ተቀብቶ የተሠራ የአሥራ ስድስት ደቂቃ ፊልም። ከእኩሌታው በኋላ አረንጓዴው ጃንጥላ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ጂያዪ ፊልሙ አርጅቶ ቀለሙ የተለወጠ መስሏት፣ ጃንጥላውን በየትዕይንቱ እየለየች ከመጀመሪያው ጋር አመሳስላዋለች። እርጅና ግን ጃንጥላ መርጦ አይመታም። እሱ ቢሆን ኖሮ ምንቃሩም አብሮ ይለወጥ ነበር።

ስምንት ሰዓት ሆኗል። ፊልሙን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማስረከብ አለባት፤ ቅዳሜ ለሕዝብ ይታያል።

ከጀርባዋ ሁለት ጡረተኞች የሱፍ ፍሬ እየፈለፈሉ ተቀምጠዋል። ዝይዋን ከቀቡት መካከል ናቸው፤ ምክር ሲያስፈልጋት የምትጠራቸውም እነሱን ነው። እትዬ ዩ የቀለም ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ፤ እትዬ ታንግ የክፍሉ ታናሽ።

"እትዬ ዩ፣ ይሄ ጃንጥላ ያኔም ሁለት ዓይነት ነበር እንዴ?"

"ነበር እንጂ!" አሉ እትዬ ዩ ቅርፊቱን እየተፉ። "በሱ ጃንጥላ አይደል እንዴ ምስጉን ሠራተኛ ሳልባል የቀረሁት! ሽልማቱ ባለ አበባ ቴርሞስ ነበር። ለግምጃ ቤቱ ሰውዬ ሰጡት። ሻይ እንኳ አይጠጣም!"

እትዬ ታንግ ቶሎ ብለው ገቡ። "አንቺ ልጅ፣ አሁን አምሯል፤ ተይው። ማን ያውቃል?"

"አይሆንም፣ እትዬ። የኔ ሥራ መጀመሪያ እንደታየው መመለስ እንጂ ማሳመር አይደለም።"

"እንዲያ ከሆነ ቀለሙን የለወጠ ሰው አለ ማለት ነው" አሉ እትዬ ዩ ጣሪያውን እያዩ። "ማን ይሆን? አርባ ዓመት ስጠይቅ 'የፊልም ማጠቢያ ቤቱ ጥፋት ነው' የምትለኝ አንዲት ሴት ነበረች።"

እትዬ ታንግ በጣታቸው የያዙትን ፍሬ መልሰው ሳህኑ ላይ ጣሉት።

"እሺ! እኔ ነኝ። ሃያ ሰባት ቁጥር አረንጓዴ ቀለም አለቀብኝ። ያ የቴርሞሱ ባለቤት ግምጃ ቤቱን ቆልፎ ለአዲስ ዓመት አገሩ ገብቷል። ሰማያዊና ቢጫ ቀላቀልኩ። በመብራት ሳየው ቁርጥ ሃያ ሰባት ነበር።"

"በፀሐይስ?" አለች ጂያዪ።

"በፀሐይ ያየሁት ከበዓል ስመለስ ነው። ተቀርጾ አልቋል።"

እትዬ ዩ መዳፋቸውን አራገፉ። "እኔ ግን ያንኑ ቀን አይቼዋለሁ። መስኮት ጋ ወስጄ፣ አገላብጬ አይቼ ነው የፈረምኩት።"

"አይተሽ ነበር፣ አለቃ?"

"እንደገና ቀቢ ብልሽ የአሥራ ሁለት ሰዓቱ ባቡር ያመልጥሻል። ሁለት ሌሊት ተሰልፈሽ ያገኘሽው ትኬት ነው። እናትሽ ደግሞ ታመዋል።"

እትዬ ታንግ ወደ አለቃቸው ዞሩ። ከዚያ ድምፃቸው ከፍ አለ። "ታዲያ አርባ ዓመት ሙሉ ለምን ነዘነዝሽኝ?"

"'እኔ ነኝ' እስክትዪ ነዋ! ቴርሞሱንማ ገዛሁት። ያውም ከሽልማቱ የሚበልጥ!"

ጂያዪ ሳቋ አመለጣት። ጭረቱንና አቧራውን ብቻ ያጸዳችበትን ቅጂ ለብቻው አስቀምጣው ነበር፤ ወደሱ ከተመለሰች የሚጠፋው የጃንጥላው ሥራ ብቻ ነው። የሦስት ሳምንት ልፋት። ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ወደ እትዬ ታንግ ዞረች።

"ምን ታዪኛለሽ? መልሺው" አሉ እትዬ ታንግ። "እኔ እንደሁ ተናዝዣለሁ። ስሜን ብቻ በትልቁ እንዳትጽፊው።"

ቁልፉን ተጫነችው። ዝይዋ ወደ ሰማያዊ ያደላውን ጃንጥላዋን ይዛ ዝናቡ ውስጥ ገባች፤ ሁለቱ አሮጊቶች አንገታቸውን አስግገው በዓይናቸው ተከተሏት።

ጂያዪ የርክክብ ቅጹን ከፈተች። "የቀለም ለውጥ ምክንያት" በሚለው መስመር ላይ ባለፈው ሳምንት "እርጅና" ብላ ሞልታለች። ቃሉን ሰረዘችው። ትንሽ አሰበችና በቦታው ጻፈች፦ "የአሥራ ሁለት ሰዓት ባቡር።"