ከጣት ኋላ የቀረ ድምፅ

የሰከንድ ሺህኛ ለሰው ምን ይጠቅመዋል? ዙሃይር ጥያቄውን ከሊዮን ይዞት የተመለሰ ነው። እዚያ «አስቀድማችሁ ለኩ፣ ጥቃቅኑን ተዉት» ብለው አስተምረውታል። ቱኒዚያ፣ ስፋቅስ ገብቶ ከሥራ ባልደረባው ከነዚሃ ጎን ከተቀመጠ ወዲህ ግን እርግጠኛ የሆነበት ነገር አልነበረም።

ነዚሃ የምትሠራው ለዓይነ ስውራን የሚያነብ ፕሮግራም ነው፤ ቁልፍ ሲነካ ፊደሉን በድምፅ ይጠራል። ድምፁን የሚመርጠውን የኮድ ክፍል እንዲፈጥን ብላ ሦስት ወር ሙሉ መስመር በመስመር ስትሞርደው ከረመች። ሰዓት አትይዝም። ሻሿን ዓይኗ ላይ ታስርና እየጻፈች ታዳምጣለች።

«መለኪያሽ ጆሮሽ ነው እንግዲህ?» ይላታል።

«አንተን ፈረንሳይ ድረስ የላኩህ ሰዓት ማየት እንድትማር ነው እንዴ?»

«ባሕሩን በጭልፋ እየቀዳሽ ነው፣ ነዚሃ።»

«አንተን ቅዳ ያለህ የለም። ይልቅ የሽንብራ ሾርባህ፣ ለብላቢው፣ ቀዘቀዘ፤ ብላ።»

እንዲህ ስትለው ደስ ይለዋል። ይህን ከመንገር ይልቅ ግን ትክክል መሆኑን ለማሳየት ቸኮለ። ለካ። ፕሮግራሙ እስኪከፈት ዘጠኝ ሰከንድ ያስጠብቃል፤ የነዚሃ ቁጠባ ደግሞ በእሱ ኮምፒውተር ላይ ከምንም አይቆጠርም። መክፈቻውን ወደ አንድ ሰከንድ አወረደው። እግረ መንገዱን፣ ለማንበብ ያስቸግራሉ ብሎ መስመሮቿን ሰርዞ በቀላል ኮድ ተካቸው። ሰኞ በስብሰባው ላይ ቁጥሮቹን ሲያሳይ አንዱ «ሦስት ወር ለዚህ?» ብሎ ሳቀ። ዙሃይርም አብሮ ሳቀ።

ነዚሃ ወሩ ሲያልቅ ዶሃ ሥራ አግኝታ ሄደች።

ከሳምንታት በኋላ ሁሉም «ዐም»፣ አጎት፣ እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ፣ ዐም ፈርጃኒ መጡ። ዕድሜያቸውን በስልክ አገናኝነት ያሳለፉ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ያረጀ ኮምፒውተራቸውን በብብታቸው ይዘዋል።

«ልጄ፣ ሲከፈትስ መብረቅ ነው፣ አላህ ይስጥህ። ስጽፍ ግን ድምፁ ከጣቴ ኋላ ይቀራል። ሦስተኛውን ፊደል ስነካ ገና የመጀመሪያውን ይነግረኛል። ምን እንደጻፍኩ ጠፍቶኝ ቁጭ አልኩ።»

«በእኔ ኮምፒውተር እኮ ደህና ነው፣ ዐም ፈርጃኒ።»

«እንግዲያው የአንተን ስጠኛ።»

ዙሃይር በአሮጌው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠ፤ ዓይኑን በስካርፉ አስሮ ጻፈ። ከአራት ፊደል በኋላ ጣቶቹ ቆሙ። የእሱ ማሽን ፍጥነት የሸፈነው መዘግየት እዚህ ገሃድ ወጥቶ ነበር። የራሱን መክፈቻ እንዳለ ትቶ የነዚሃን መስመሮች መለሰ። እንደገና ሲሞክር ድምፁ ከጣቱ ሥር ወጣ።

ዐም ፈርጃኒ ተቀብለው በአሥር ጣታቸው ተያያዙት። «አሁን ሰው ሆነ» አሉ።

ዙሃይር ለነዚሃ ሊነግራት ዞር አለ። ወንበሯ ላይ የወረቀት ካርቶን ተቀምጦበታል። ሽማግሌውን ሸኝቶ ሲመለስ ካርቶኑን አወረደና ስልኩን አነሣ።

«ነዚሃ፣ መስመሮችሽን መልሻቸዋለሁ። ተሳስቼ ነበር፤ መሳቄ ደግሞ ከስሕተቱ ይብሳል። ስትዘልፊኝ ደስ ይለኝ እንደነበር ነግሬሽ አላውቅም። ጠረጴዛሽ ባዶ ነው። ትመለሻለሽ?»

ላከው። ማታውኑ እንዳነበበችው ስልኩ አሳየው። በጋው አለፈ፣ የወይራ ለቀማም ደረሰ፤ መልስ አልመጣም።