ያልጨበጥኩት ቆርቆሮ

ቀኝ እጄን የሊጥ ማቡኪያ ማሽን ከክርኔ በታች ከወሰደው ስድስት ዓመት ሆኖታል። መሄዱንስ ይሂድ፤ ችግሩ አልሄደም። ማሽኑ ሲይዘኝ ጨብጬ ነበር፣ ከዚያ ወዲህም እንደጨበጠ ነው። የሌለ ጥፍር በሌለ መዳፍ ላይ ይተከላል፤ ያለው ሕመሙ ብቻ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። የኔን እጅ ስላላወቁት ነው ሁለት ብቻ የቆጠሩት።

«የሌለ እጅ እንዴት ያማል?» ይሉኛል የዳቦ ቤቱ ሰዎች። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ነገሬ፤ ወተቷን ባላይም ርግጫዋ አልቀረልኝም። ሚስቴ መጀመሪያ አካባቢ ታለቅስልኝ ነበር። ኋላ ለመደችው። ከእንቅልፌ ስባንን «ደግሞ ያ እጅህ ነው?» ትለኛለች፣ ሰክሮ በር የሚደበድብ ወንድሜ ይመስል።

እንዲህ እያለሁ ነው አንድ ፕሮፌሰር ያገኘኝ። ነርቭ ውስጥ ሽቦ ቀብሮ ሰው ሠራሽ እጅን በሐሳብ ብቻ ማንቀሳቀስ ይፈልጋል። ሽቦው አለው፣ እጁ አለው፣ ኮምፒውተሩ አለው፤ የጎደለው ነርቭ ብቻ ነበር። የኔን ሰጠሁት። ክንዴን ከፍተው ፀጉር የሚያካክሉ ሽቦዎች ነርቮቼ ውስጥ ሰኩ፣ ጫፋቸውን በቆዳዬ አሾልከው አወጡና ሶኬት አበጁልኝ። ሚስቴ ሶኬቱን ስታይ «እሰይ! ከእንግዲህ ስልኬን አንተ ላይ ነው የምሰካው» አለች።

ፕሮፌሰሩ ጨዋ ሰው ነው። ሲያመኝ «ነርቭህ» ይላል፤ ሲሠራ «ነርቫችን»። ሥራውን የምትሠራው ግን ረዳቱ መሐንዲሷ ናት። ልጅ እግር ናት፣ «ጋሼ» ትለኛለች፣ ሽቦውን ከኮምፒውተሩ ጋር ስታገናኝ እንዳያመኝ ትንፋሿን ውጣ ነው።

በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ፣ እስቲ ይክፈቱት» አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለው የፕላስቲክ እጅ ተከፈተ። ሁሉም እሱን አዩ። እኔ ግን የኔው፣ የሌለው፣ ጣት በጣት ሲፈታ ተሰማኝ። ይሄን ያህል ሰውዬ ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅሁ። ፕሮፌሰሩም በጣም ተጨነቀ፤ እንባዬ ኬብሉን እንዳያረጥበው።

ሕመሙ መጥፋቱን ስነግረው «ደስ ይላል» አለ፣ «ግን የኛ ጥያቄ የመጨበጥ ኃይል ነው።» ስላስቸገርኩት ይቅርታ ጠየቅሁት።

አንድ ዓርብ ጨብጬ ሳለሁ መብራት ጠፋ። እጄም እንደጨበጠ ቀረ። ሰኞ ሽቦውን መልሰው ቀጥለው እስኪያስከፍቱኝ ድረስ ትራስ ስነክስ ሰነበትኩ። ያን ጊዜ መሐንዲሷ ገባት።

«ጋሼ፣ እጅዎ ኮረንቲው ሲቋረጥ በነበረበት ነው የሚቀረው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልከፍተው ሽቦውን ነቅላው አታውቅም። እኔም እንደ ሰው መተኛት ጀመርኩ።

ከዚያ ጥናቱ አለቀ። በቆዳ የሚወጣ ሽቦ ሲቆይ ይመረቅዛልና የማውጫ ቀጠሮ ያዙልኝ። በዋዜማው ግን ለእንግዶች ትርኢት አለ፤ የመጨረሻው ሙከራም የለስላሳ ቆርቆሮ ጨፍልቆ ማሳየት ነው። ኃይሉ ጫፍ ሲደርስ ፕሮግራሙ ራሱን ያጠፋል። መሐንዲሷ ይህን ስትነግረኝ ዓይኔን ማየት አልቻለችም። ጨብጬ ልቀር ነው፤ ያውም የሚያስከፍተኝ ሽቦ በሌለበት፣ ለዕድሜ ልኬ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባሁ።

«ከቆርቆሮው በኋላ አንዴ ልክፈተው። አንዴ ብቻ።»

«ከጫፉ በኋላ የሚመጣ ነገር ውጤቱን ያበላሽብናል፣ ወንድሜ። ደግሞ ያንተ ነገር የታየው በአንድ ሰው ላይ ነው። በሳይንስ አንድ ሰው ከቁጥር አይገባም።»

«እኔ ግን ያለሁት አንድ ነኝ» አልኩት።

ሳቀ። ተጫዋችነቴን ሁሌም ያደንቃል።

በትርኢቱ ቀን እንግዶቹ ከረባታቸውን አስረው ተደረደሩ። ሚስቴም ከኋላ ወንበር አገኘች። ፕሮፌሰሩ ስለ «ነርቫችን» ሲያወራ ቆየና ቆርቆሮውን የፕላስቲኩ መዳፍ ላይ አስቀመጠው። ክብነቱ በሌለው መዳፌ ላይ ተሰማኝ። ፍርሃቴም አብሮ መጣ።

«ጨብጥ!» አለ ፕሮፌሰሩ።

ከፈትኩት። ቆርቆሮው ወደቀና እየተንከባለለ ሄዶ የአንዱ እንግዳ ጫማ ሥር ቆመ።

«ጨብጥ እንጂ! ምን ሆነሃል?»

«አልጨብጥም።»

ፕሮፌሰሩ እየሳቀ ለእንግዶቹ አንድ ነገር አለና ወደ መሐንዲሷ ዞረ። «እንደገና አስጀምሪው» አላት፣ ጥርሱን ነክሶ።

አየችኝ። ክንዴን ደገፍ አድርጋ ሽቦውን ከሶኬቱ ነቀለችው።

«ይቅርታ ፕሮፌሰር፣ ተነቅሏል» አለች፣ ነፋስ የነቀለው ይመስል።

እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩና ለሻይ ተነሡ። ከኋላ አንድ ሰው ብቻ አጨበጨበ። ሚስቴ ናት፤ እንዲህ ያለ ቦታ መቼ እንደሚጨበጨብ አታውቅም። ፕሮፌሰሩ ተሳታፊው አልተባበረም ብሎ እንደጻፈ ኋላ ሰማሁ። አልዋሸም።

በማግስቱ አደንዝዘው ሽቦውን አወጡት። ተኝቼ ሳለሁ ቢጨበጥስ እያልኩ ነበር እንቅልፉ የወሰደኝ። ስነቃ ሚስቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።

«እህ?» አለችኝ።

«እንደተከፈተ ነው» አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«የት ጋ ነው ያለው?»

«አንሶላው ላይ። ትንሽ ወደ አንቺ።»

እጇን ዘርግታ ባዶው አንሶላ ላይ አሳረፈች።

«እዚህ?»

«እዚያው።»

ምንም አልተሰማኝም። «አታንሺው» አልኳት።