የብዙነሽ ትንፋሽ

«ሚስ፣ ይህን የት ልድፋው?» አለ የዕቃ ቤት ኃላፊው ዋቅጅራ፣ የመጨረሻውን የበረኪና ጀሪካን ታቅፎ።

«ኧረ አትድፋው! ወንዝ ነው የሚገባው። ላመጣው ነጋዴ መልስለት» አለች ሰገነት።

ሰገነት ኮተቤ የሚገኝ የአንድ የግል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት። ትምህርት ቤቱ በረኪናና አሲድ ትቶ ሰውንም ወንዝንም በማይጎዳ ሳሙና መጽዳት መጀመሩን ለወላጆች ልትነግር ዛሬ ስብሰባ ጠርታለች። ሰበቡ የኬጂዋ ፌበን ናት። በዝናብ ምክንያት መስኮቱ ተዘግቶ ክፍሉ በበረኪና የተወለወለ ዕለት ልጅቷ ትንፋሽ አጥሯት ሐኪም ቤት ገባች። እሷስ ዳነች፤ ወላጆች ግን ተቆጡ። ሳምንት ሳይሞላ አዲሱ ሳሙና ተገዛ።

ሰገነት ወደ አዳራሹ ስትሄድ አንጋፋዋን የጽዳት ሠራተኛ ብዙነሽን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ሰማያዊ ጋውኗን አጥባ፣ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች።

«እትዬ ብዙነሽ፣ ምነው? አዲሱን ሳሙና ለወላጆች የሚያሳዩልኝ እርስዎ ነዎት እኮ።»

«ጋውኑን ልመልስ ነው የመጣሁት፣ ሚስ።» ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ቀጠለች። «ሐኪሙ ሳንባሽ ተጎድቷል፣ ከእንግዲህ የጽዳት ሥራ ይቅርብሽ አለኝ።»

«ይሄኛው እኮ አይጎዳም።»

«አውቃለሁ። ትናንት ስወለውልበት ዓይኔ እንኳ አላለቀሰም። ደግ ነገር ነው።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ለእኔ ዘገየ እንጂ።»

ሰገነት ያለፈው ታወሳት። ብዙነሽ ቢሮዋ ድረስ መጥታ «ይሄ ነገር ደረቴን ያፍነኛል» ያለቻት ጊዜ ማስክ ሰጥታ ሸኝታት ነበር። ደግማ ስትመጣ «ጉንፋን ይሆናል፣ ዝንጅብል ይጠጡበት» አለቻት። ወላጆች በረኪና በረኪና የሚሸት ኮሪደር ሲያዩ «እንዴት ንጹሕ ነው!» ይሉ ነበርና መቀየሩን አላሰበችውም። የብዙነሽን ሳል ሁሉም ለመደው።

«ያኔ ሰምቼዎት ቢሆን ኖሮ…»

«ይተዉት፤ አሁን ምን ያደርጋል? እንጦጦ ማርያምን በእግሬ የምሳለም ሰው፣ ዛሬ ከቀበና ድልድይ ቤቴ እስክደርስ ስንቴ ነው የምቀመጠው። እሱንም ለምጄዋለሁ።» ጋውኑን አቀበለቻት። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ሒሩትን ያሳክሙልኝ። እኔን እንደጀመረኝ ነው የጀመራት።»

ሒሩት ከብዙነሽ ጋር የምትሠራ ወጣት ናት። ሰገነት ስትገባ አዳራሹን እየወለወለች ነበር።

«ሒሩት፣ ያስልሻል እንዴ?»

ልጅቷ ደነገጠች። «ኧረ ጉንፋን ነው፣ ሚስ! ከሥራዬም አላስተጓጎለኝም።»

ሰገነት ፊቷ ተለዋወጠ። «ወልዋዩን አስቀምጪውና ነይ» አለቻት፤ ሾፌሩም መኪናውን እንዲያስነሳ አስጠራችው።

ምክትሏ ቢንያም እየተጣደፈ መጣ። «ወላጆች እየገቡ ነው። አዳራሹ ገና እርጥብ ነው፤ አንቺ ደግሞ የት ልትሄጂ ነው?»

«ሐኪም ቤት። አንተ አነጋግራቸው።»

«ሊያመሰግኑሽ እኮ ነው የመጡት! ምን ልበላቸው?»

«ዘግይተናል በላቸው።»

ሒሩትን መኪናው ውስጥ አስገባቻት። ከዚያም አብራቸው እንድትሄድ የጠራቻት ብዙነሽ እያረፈች ደረጃውን ወርዳ እስክትጨርስ የመኪናውን በር ከፍታ ቆመች።