ያልተፈተሸው ጫፍ

አማቱን ለምን እንደሚጠላ ቢጠየቅ የሚረባ ምክንያት አያገኝም ነበር። ሽማግሌው ሙያ አስተምረውታል፣ ሥራ አስገብተውታል፣ ልጃቸውን ድረውለታል። ጥፋታቸው የኔትወርክ ክፍሉን የኃላፊነት ወንበር አለመልቀቃቸው ብቻ ነበር። የጡረታ ዕድሜያቸው አልፎ በየዓመቱ በሚታደስ ውል ነው የሚሠሩት። ዘንድሮ ሥራ አስኪያጁ ቁርጡን ነገራቸው፦ "ኔትወርኩ ዛሬ አዲሱ መጋዘን ከገባ ውልዎ ይታደሳል። ካልገባ በቃ፣ ለወጣት ይልቀቁ።"

ወጣት የተባለው እሱ መሆኑን ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገውም።

ከዋናው ቢሮ እስከ መጋዘኑ ፋይበሩን በግቢው ሥር ያስቀበሩት ሽማግሌው ናቸው። በሁለቱም ጫፍ ብርሃኑን ወደ ተራ የኔትወርክ መስመር የምትቀይር ትንሽ ሳጥን አለች። የመጋዘኑን ጫፍ እሳቸው፣ የቢሮውን አማችየው ያዙ። ፋይበር ከፀጉር የቀጠነ መስታወት ነው፤ ክፉኛ ከታጠፈ ብርሃኑ መንገድ ላይ ፈስሶ ይቀራል። ይህንንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እሱ ታዲያ ቢጫውን የፋይበር ገመድ ከቢሮው ካቢኔ ጀርባ እጥፍ አድርጎ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥርቅም አደረገውና እጁን በሱሪው ጠረገ።

የመጋዘኑ ሳጥን አልበራም አለች። ሽማግሌው ተንበርክከው የገመዱን አፍ በአልኮል ጠረጉ፣ ሁለቱን ክሮች አቀያየሩ፣ ሳጥኗን በሌላ ለወጡ። ወፍ የለም። ስልክ ደወሉ።

"ልጄ፣ በአንተ በኩል እንዴት ነው?"

"በኔ በኩል ሰላም ነው አባባ። እርስዎ ደህና አድርገው ይዩት እንጂ።"

አጠገባቸው የቆመችው የመጋዘን ሠራተኛ፣ "አባቴ፣ የዚያኛውን ጫፍ ሄደው ለምን አያዩትም?" ስትል በስልኩ ተሰማ። አማችየው ትንፋሹን ዋጠ።

"ልጄ የሰካውን ደግሜ አልፈትሽም" አሉ ሽማግሌው ቆጣ ብለው። "ነውር ነው!"

ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል። ይሄ ግን ሳቁን አፈነ።

ሥራ አስኪያጁ ሠራተኞቹን አስከትሎ መጋዘኑ ሲደርስ ስልኩ ገና አልተዘጋም፤ የሽማግሌው ጉልበት አቧራ ለብሶ ነበር።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አሉት። "ሳስቀብረው ሳልጎዳው አልቀረሁም። ተቆፍሮ ይታይ።"

"ትናንት የተነጠፈ ግቢ ላስቆፍርልዎ? አባት፣ ዓይንዎም እጅዎም ደክሟል። ቁልፉን ያስረክቡ።"

አንዱ ከኋላ ሳቀ። ያን ጊዜ አማችየው "እስቲ እኔ ልሞክር" ብሎ በስልክ ተናገረ፣ ከካቢኔው ጀርባ ገባ፣ ማሰሪያውን በመቀስ ቆረጠ። መጋዘን ውስጥ አረንጓዴ መብራት ቦግ አለ። ጭብጨባው በስልኩ መጣለት፤ ሹመቱም ተከትሎ።

ሽማግሌው ዕቃቸውን ሊሰበስቡ ቢሮ ሲመጡ የተቆረጠው ማሰሪያ ወለሉ ላይ ነበር። ጎንበስ ብለው አነሱት። ከዚያ ቢጫው ገመድ ላይ የቀረውን የእጥፋት ምልክት በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳበሱት። አማችየው ጩኸት ጠብቆ መልሱን አዘጋጅቷል። ዝም ሲሉት ልቡ ሞላ።

"አባባ፣ የአልኮል መጥረጊያው የድርጅቱ ነው፤ ያስቀምጡት።"

አስቀመጡት። ስልካቸው ጮኸ፤ ልጃቸው ነበረች፤ ተሳካላችሁ ወይ ትላለች።

"ተሳክቷል ልጄ" አሉ። "ባልሽ ነው የሠራው።"

ስልኩን ዘግተው በር ላይ ቆሙ።

"እሷንም እንዲሁ ነው የሰጠሁህ" አሉት ቀስ ብለው። "ሳልፈትሽ።"

አማችየው ወንበሩን በቁመቱ ልክ እያስተካከለ ነበር።