ያሳለው ማን ነበር

በልጅነቱ ስላሳለ የተገረፈ ሰው፣ ሥልጣን ሲይዝ ሌላውን ስላሳለ እንዴት ያስራል?

ይህን ጥያቄ ይዤ ነበር አክስቴ ወደምትሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል የሄድኩት። ወንድሟ፣ አባቴ፣ ታስሯል። የጂኦግራፊ መምህር ነው። መሪው መምህራንን ሰብስቦ ሲናገር አባቴን ሳል ያዘው። አፉን በመሐረብ አፈነ፤ አልቆመለትም። ሁለት ሰዎች በብብቱ ይዘው አወጡት። በመሪው ፊት ማሳል ክልክል ነው። ምክንያቱን ከሬዲዮ ያልሰማ የለም፦ መሪው በልጅነቱ ሳንባውን ታሞ በተኛበት የሆስፒታል ክፍል፣ በዕረፍት ሰዓት የሚያስል ልጅ በቀበቶ ይገረፍ ነበር። በልደቱ ቀን ይህ ሲተረክ የሚያለቅስ አይጠፋም።

እኔም ባሕር ማዶ ሄጄ የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ የልጅነት ቁስል አድጎ ምን እንደሚሆን። ስለዚህ ለቤተ መንግሥቱ የአቤቱታ ስልክ ቁጥር የሚላክ መልእክት ስልኬ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። «የደረሰብዎትን ሥቃይ እረዳለሁ» ብሎ ይጀምራል። አክስቴም በዚያ ክፍል ተኝታ ታክማ ስለነበር፣ ስሟን ከስሜ ጋር እንድታስገባ ፈልጌ ነው የመጣሁት።

አንሶላ እየተኮሰች አነበብኩላት። ስጨርስ ካውያውን አቆመች።

«እስቲ ያን ‹ሥቃይ› ያልሽውን ድገሚልኝ።»

ደገምኩላት። ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። ጠረጴዛውን ይዛ እስኪያልፍላት ጠበቅሁ።

ከዚያ ነገረችኝ። የሷና የመሪው አልጋ ጎን ለጎን ነበር። እናቱ ሞታበት ጠያቂ አልነበረውም፤ እሱስ እውነት ነው አለች። ሳሉ ሲመጣበት ዓይኑን ያፈጥባታል። የክፍሉ ጠባቂ ቀበቶውን ፈትቶ ማን እንዳሳለ ሲጠይቅ፣ እሷ እጇን ታወጣለች። መጀመሪያ አዝናለት ነው። በኋላ ግን እጇን እስክታወጣ አልጠበቀም፤ ራሱ በጣቱ ያሳያት ጀመር።

«ቀበቶ አንድ ቀን አልነካውም፣ የኔ ልጅ። በሬዲዮ የሚያወራው የኔን ግርፋት ነው።»

ወዲያው ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። እንግዲያው መሪው የተማረው የሱን ሕመም የሌላ ሰው ጀርባ እንደሚቀበልለት ነው። ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ደግሞ ሌላ ምክንያት ልታገኚለት ነው? እኔም ታምሜያለሁ፣ እኔም ጠያቂ አጥቻለሁ። ማንን አሰርኩ? ይሄን ካውያ እንኳ ሰው ላይ አላነሳሁም፤ ያውም አለቃዬን ዕለት ዕለት እያየሁ።»

ደሜ ፈላ። በሱ ብቻ አይደለም፤ ለበዳይ ሰበብ መፈለግን እንደ ዕውቀት ባስቆጠረኝ ትምህርትም ጭምር። የጻፍኩትን አጠፋሁና እሷ የምትለውን ጻፍኩ፦

«ከጎንህ ተኝቼ የነበርኩት ነኝ። ያሳልከው አንተ፣ የተገረፍኩት እኔ። ወንድሜን ፍታ።»

አንቱ ይሻል እንደሆን ጠየቅኋት።

«አልጋው ላይ ሲሸና አንሶላ የቀየርኩለትን ልጅ?»

ስሟን ከነአባቷ አስጻፈችኝ። ሊወስዷት እንደሚችሉ ስነግራት፣ ወንድሟ አጠገብ የሚያስቀምጧት ከሆነ በምን ዕድሏ አለች። ላክሁት።

በማግሥቱ ለአባቴ ቅያሪ ልብስ ይዘን እስር ቤት ሄድን፤ በሩ ላይ መለሱን። መልእክቱ እንደተነበበ ስልኬ ያሳያል። መልስ ግን አልመጣም።