የብብቱ ቁራጭ

ክው ማለት ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በባድሚንተን ፍጻሜ ጨዋታ ላይ፣ ቀኝ ትከሻዬ ወልቆ ቀጭ ሲል በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የሚያስደነግጠኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ተሳስቻለሁ። ድንጋጤን ያየሁት ባለፈው የዝናብ ወቅት፣ እዚሁ ኢንዶኔዥያ፣ ባንዱንግ ከተማ፣ በተወለድኩበት ቅያስ ውስጥ ነው።

ነገሩ የጀመረው በማልያ ነው። መጫወት ካቆምኩ በኋላ የሴቶች የስፖርት ልብስ ላወጣ ተነሳሁ። ስሙን ሰሪቲ አልኩት፣ በየጣሪያችን ሥር ጎጆ በምትሠራው ፈጣን ወፍ ስም። እንደኛ ሂጃብ አድርገው፣ ክንዳቸውን እስከ አንጓ ሸፍነው ለሚጫወቱ ሴቶች የሚሆን ማልያ በገበያ የለም ማለት ይቻላል። ያለውም ቢሆን እጅ ሲነሳ ከወገብ ተጎትቶ ይወጣል፣ ብብት ሥር ያለው ስፌት ደግሞ ቆዳ ይልጣል። መድኃኒቱን እናቴ ድሮ አግኝታዋለች። ልጅ ሳለሁ በምትሰፋልኝ ማልያ ብብት ሥር አንዲት ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ በሰያፍ ታስገባ ነበር። ያን ለብሼ ክንዴን እንዳሻኝ ብወረውረው ልብሱ ንቅንቅ አይልም። ሰሪቲ ማለት ያቺ ቁራጭ ናት፤ ሌላው ጌጥ ነው።

እናቴን ስፊልኝ ማለት ግን አይቻልም። እማ ኤንቲን አርባ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሳለች። ግራ ዓይኗ ከድሮም ጭላንጭል ብቻ ነው የሚያየው። ባለፈው ዓመት የቀኝ ዓይኗ የውስጥ ሽፋን ተላቅቆ ኦፕራሲዮን ሆነች። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ "ሁለተኛ ከተላቀቀ ምንም አላደርግላትም። ማጎንበስ፣ መርፌ ላይ ማፍጠጥ የሚባል ነገር አበቃ" አለኝ። በማግስቱ መኪናዋን አውጥቼ ሸጥኩት። አላለቀሰችም። መኪናው የነበረበትን ጥግ ብቻ ሳምንት ሙሉ ደጋግማ ስትጠርግ ሰነበተች።

ሰሪቲን አልነገርኳትም። ቱታ ልሸጥ ነው አልኳት እንጂ ስለ ቁራጯ ትንፍሽ አላልኩም፤ የመጀመሪያውን ማልያ ጭኗ ላይ አስቀምጬ ፊቷን ለማየት ነበር ምኞቴ። ኋላ፣ ሁላችንም ቢ ታቲ የምንላት ጎረቤታችን ቤት የሴቶች የቁርዓን ትምህርት ተጀመረ ብላ ከቀትር በኋላ ከቤት መውጣት ስትጀምር አልሃምዱሊላህ አልኩ።

"በየቀኑ? እማ፣ ሼክ ልትሆኚ ነው እንዴ?"

"እንዳንቺ ከተማውን ከማካለል ይሻላል" አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ አምራች ፍለጋ አራት ወር አካለልኩ። የመጀመሪያው ቁራጯን ገልብጦ ሰፍቷት ክንዴን ባነሳሁ ቁጥር ብብቴ ሥር እንደ ፊኛ ትነፋለች። ሁለተኛዋ፣ "ልጄ" ለማለት ነንግ እያለች፣ "ነንግ፣ ይቺ ነገር ምን ታደርግልሻለች?" ብላ ያለ ቁራጯ ሰፍታ አመጣችልኝ። ሦስተኛው ናሙናውን በመረጥኩት ስስ ጨርቅ ሰፍቶ፣ ትእዛዙን ግን መጋረጃ በሚያህል ጨርቅ ሊሰፋልኝ ሲቆርጥ እጅ ከፍንጅ ያዝኩት። በስድብ ተለያየን። በመጨረሻ አንዲት የቡድን ጓደኛዬ ሐጂ ሱሄርላን ዘንድ ላከችኝ።

የሐጂ ቤት መግቢያው ያበራል። ወለሉ ነጭ፣ በሁለቱም በኩል ቱታ የለበሱ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች ተደርድረዋል፣ ቀዝቃዛ ሻይ በጠርሙስ ይመጣል። የቁራጯን ንድፍ ትቼለት ሄድኩ፤ ናሙናው በአምስተኛው ቀን ደረሰ። እዚያው ለብሼ ክንዴን ወረወርኩት። አራቱም ማዕዘኖች አንድ ነጥብ ላይ ገጥመዋል፣ ክሩ አልጠበቀ አልላላ፣ ቆዳዬ ላይ መኖሩ አይታወቅም። እንባዬ መጣ።

"ይህን የሰፋው ማነው?"

"የእኔ ሰዎች ናቸዋ" አለ ሐጂ።

"እዚሁ?"

"ሁሉም እዚሁ ጣሪያ ሥር ነው፣ ነንግ።" ፈገግ አለ።

ጅልነቴ እዚህ ላይ ነው። በእኛ ከተማ የተቆረጠ ጨርቅ በጆንያ ታስሮ በሞተር ሳይክል ወደየቅያሱ ይሄዳል። ትልቁ ለትንሹ፣ ትንሹ ለጎረቤቱ ያካፍላል፤ ማን እንደሰፋው አይጠየቅም። ከጠየቅሽ ሰውዬውን ዘልለሽ ሰፊውን ልትነጥቂ ነው፣ ነውርም ነው። እኔ ራሴ ያደግሁት እነዚያ ጆንያዎች ላይ ተኝቼ ነው። ያም ሆኖ ነጩን ወለል አይቼ አመንኩት። ማመን ብቻም አይደል፣ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጥኩ።

"ሦስት መቶውንም ይህቺ እጅ ብቻ ትስፋልኝ። ሌላ እጅ ከነካው አልረከብም።"

ሐጂ አገጩን አከከ። "ለአንዲት ሴት ሦስት ሳምንት ያጥራል።"

"ትችለዋለች። እንዲህ የሚሰፋ ሰው ከእናቴ ሌላ አላውቅም፤ እናቴ ደግሞ ትችለው ነበር።"

ማልያዎቹ በሴቶች ውድድር ላይ ሊለበሱ ነው፤ ቀኑ አይገፋም። በዘጠነኛው ቀን የመጀመሪያዎቹ አርባ መጡ። ቁራጯ የፀጉር ያህል ወደ ጎን ሸርተት ብላለች። ሌላ ሰው ቢሆን ያልፈዋል፤ እኔ እንደሆንኩ ስፌት ላይ ምሕረት የለኝም። አርባውንም መለስኩ። ያ አልበቃ ብሎኝ በወረቀት ላይ "ሴትዮዋ ዓይኗን ትግለጥ" ብዬ ጽፌ ጆንያው ውስጥ ጨመርኩ።

በዚያው ሰሞን እማ ሻይ ስትቀዳ ብርጭቆው ሞልቶ እስኪፈስ አታቆምም ነበር። ሐሳብ ይዟት ነው አልኩ። በር ላይ ስደርስም ቀድማ "ኢማስ?" ትለኛለች።

"ማን መሰለሽ? ጎረምሳ ልትጠብቂ ነው?" እላታለሁ። ትስቃለች፣ እኔም ወደ ስልኬ እመለሳለሁ። ዛሬ ያን ሳስታውስ በራሴ አፍራለሁ።

ርክክቡ አራት ቀን ሲቀረው ሐጂ ስልክ አላነሳ አለ። ስፌቱን ላሳየው ብዬ ናሙናውን ማልያ ለብሼ፣ በላዩ ጃኬት ደርቤ፣ በሞተሬ ሄድኩ። ሐጂ የለም። ከአሻንጉሊቶቹ ኋላ ያለውን በር ገፍቼ ገባሁ። ፋብሪካ ያልኩት ቦታ ጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛና ሦስት የስፌት መኪኖች ብቻ ናቸው። ሁለቱ አቧራ ለብሰዋል፣ ሦስተኛው ላይ አንዲት ድመት ተኝታለች። በጓሮ በኩል የእኔው ሐምራዊ ጨርቅ በጆንያ ታስሮ ሞተር ሳይክል ላይ ይጫናል። ደሜ ፈላ። መጮህ ፈለግሁ፣ ግን ጩኸቱን ለዚያች ለምትሰፋው ቤት ላቆየው ብዬ ዝም አልኩና ሞተር ሳይክሉን ተከተልኩት።

ወደ ደቡብ ታጠፈ። ከድልድዩ ሲወርድ፣ ይኸው ወደ እኛ ሰፈር ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። መስጊዱ አጠገብ ወዳለው ቅያስ ሲገባ ሳቄ ቆመ። የሾርባ ሻጯ በስሜ ጠርታ ሰላም አለችኝ፣ አልመለስኩላትም። ሞተር ሳይክሉ የቢ ታቲ በር ላይ ቆመ። ሰውዬው ጆንያውን ደፉ ላይ አውርዶ፣ እንደለመደው ሁለቴ አንኳኩቶ ሄደ።

ሞተሬን እዚያው ቅያሱ ላይ አቆምኩ። ሰዓቱ ገና ዘጠኝ ተኩል ነው፣ ፀሐይዋ በመስኮት ሞልታ ገብታለች። ሄልሜቴን አውልቄ ገባሁ።

ቁርዓን የለም፣ ትምህርት የለም። ሐምራዊ ማልያ እስከ መስኮቱ ተከምሯል። መኪናው ላይ ያለችው እናቴ ናት። ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው፤ ስፌቱን አታየውም። በግራ አውራ ጣቷ ማዕዘኑን እየዳሰሰች፣ ጣቷን ከመርፌው ሥር እያሸሸች ትሰፋለች። ሁለቱ ጣቶቿ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። ቢ ታቲ ቀና ብላ አየችኝና የያዘችው መቀስ ከእጇ ወደቀ።

እማ የመቀሱን ድምፅ ሰምታ ዞረች። በመካከላችን ሁለት ክንድ አይሞላም። ፊት ለፊት አየችኝ።

"ከሐጂ ዘንድ ነሽ?" አለችኝ። "ግቢ ልጄ፣ ጆንያውን እዚያ ጥግ አድርጊው።"

ወልዳ ያሳደገችኝ ሴት በጠራራ ፀሐይ ፊቴን እያየች ማን እንደሆንኩ አላወቀችም።

"አይዞሽ፣ አልቆጣሽም" አለችኝ ዝምታዬን ፍርሃት አድርጋው። "ለማልያዎቹ ባለቤት ንገሪልኝ፣ ያን አርባውን ፈትቼ እንደገና ሰፍቼዋለሁ። ኮስታራ ናት አይደል? ዓይንሽን ግለጪ ብላ ጻፈችልኝ። ታቲ ስታነብልኝ ሳቄን ማቆም አቃተኝ።"

"ኤንቲን" አለች ቢ ታቲ በቀጭን ድምፅ።

"ቆይ ልጨርስ። ግን ጨርቅ ታውቃለች። ይቺን ቁራጭ ከእኔ ሌላ የሚያውቃት ያለ አይመስለኝም ነበር፤ እናቷ ሰፊ ሳትሆን አትቀርም። ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ የዚያችን ሴት እጅ ብቻ አምጡልኝ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ቤት ውስጥ ልጄ እንዳልሰበር ብላ እንደ ሸክላ አስቀምጣኛለች። እዚህ ሰው ነኝ።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "የዓይኔን ነገር ለሐጂ እንዳትነግሪው። ከሰማ ሥራውን ይነጥቀኛል። እጄ ያያል፣ ይበቃል።"

ቢ ታቲ ማልቀስ ጀመረች። እማ አልሰማቻትም፤ መኪናውን ደገፍ ብላ ተነስታለች።

"ነይ፣ ቁራጯ እንዴት መቀመጥ እንዳለባት ላሳይሽ፣ አንቺም ታሳዪያታለሽ።" አየሩን ዳብሳ ቀኝ ክንዴን አገኘች፣ ከዚያ በጃኬቴ ሥር ያለውን ጨርቅ። "እሰይ፣ ለብሰሽዋል። በይ ክንድሽን ላንሳው።"

አነሳችው። ትከሻዬ ቀጭ አለ።

ከወለቀ ጀምሮ ክንዴ ከጆሮዬ ከፍ ሲል እንዲያ ይላል። አንድ ዓመት ሙሉ በዘይት ስታሸው የኖረችው እሷ ናት። እጇ ብብቴ ሥር እንዳለ ደርቆ ቀረ።

"ኢማስ" አለች።

"አዎ እማ።"

"ያቺ ሴትዮ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

ሌላ እጇን አምጥታ ከግንባሬ እስከ አገጬ ዳሰሰችኝ። እጇን ያዝኩት። "ያ ወረቀት፣ እማ..."

"ልክ ነበርሽ" አለችኝ። "ሸርተት ብላ ነበር። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያየሁት ጥቁር መጋረጃ ቀኝ ዓይኔ ላይ ዳግም የወረደብኝ በዚያው ሳምንት ነው። አላየኋትም።"

መኪናው እንደበራ ያንጎራጉራል። ማጥፊያውን ራሷ በዳበሳ ፈልጋ አጠፋችው።